ጣራ ይደርሳል ወይ?

ጋሽ ስንሻው ማረፋቸውን የሰማሁት ሴራሚክ ቤት ቆሜ ነው። ለአንድ ደንበኛ የመታጠቢያ ቤት እድሳት ዋጋ ልጠይቅ ገብቸ ነበር። ባለ ሱቁ ካርቶን እየቀደደ፣ እንደ ዋዛ፣ እኒያ የማይገዙት ደንበኛችን አረፉ አይደል ወይ አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሕንጻ ዕቃ በሚሸጥበት በዚያ መንገድ በዚህ ስም የሚታወቁ ሌላ ሰው አልነበሩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከሱቅ ሱቅ ይዞሩ ነበር። የሲሚንቶ፣ የፌሮ፣ የብሎኬት፣ የቆርቆሮ፣ የቀለም ዋጋ ይጠይቃሉ፤ አንዲት ሚስማር አይገዙም። ባለ ሱቆቹ መጀመሪያ የግብር ሰው መስለዋቸው ዋጋ ይደብቋቸው ነበር አሉ። ኋላ ግን ለመዷቸው፤ ሲመጡ ወንበር እስከ መሳብ ደረሱ። ይኸው ሰውየ እንደነገረኝ ሊያርፉ ሰሞን እንኳ መጥተው፣ የማያንሸራትት የወለል ሴራሚክ አለህ ወይ፣ ዋጋውስ ጨመረ ወይ ብለው ጠይቀውት ሄደዋል። ለየትኛው ቤት? እሱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ከሁሉ የከፋኝ መርዶውን ከሴራሚክ ነጋዴ አፍ መስማቴ ነው። ስንት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ቢሮ የዋለ ሁሉ ሰምቶ ኖሯል፤ ትንፍሽ ያለልኝ ግን የለም።

ቢሯችን የቤት ፕላን ይሠራል፤ ቤት ሊሠራ ወይም ሊያድስ ላሰበ ሰው ወጪው ስንት እንደሚሆን ይገምታል። ባለቤቱ ኢንጂነሩ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አንቱ ማለቱም ይቅርብኝ። ጋሽ ስንሻው በእርሳስና በማስመሪያ ያረጁ ፕላን ነዳፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ። የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም ቢሯችን የገባ ጊዜ፣ በቃ ጋሼ አበቃላቸው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ምሳ ሰዓታቸውን እየሠዉ ተማሩት። ተማሩት ብቻ አይደለም፤ ወደዱት። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው። ግድግዳ ስትስልበት ብሎኬቱንና ልስኑን ራሱ ያሰላል፤ መስኮት ብትከፍት ብሎኬቱን ቀንሶ መስታወቱን ይደምራል፤ አንድ ክፍል ብታጠፋ ጠቅላላ ወጪው ወዲያው ዝቅ ይላል። የማያውቀው የገበያውን ዋጋ ነው። ሲሚንቶ ዛሬ ስንት ገባ የሚለውን የምንነግረው እኛ ነን። ኢንጂነሩ ደግሞ የሚወደው የከረመውን ዋጋ ነበር። የከረመ ዋጋ ያለበት ግምት ያምራል፤ ደንበኛው ደስ ብሎት ይፈርማል፣ መሠረት ያስቆፍራል፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት ይሄዳል? ጋሽ ስንሻው ቅዳሜ የለቀሙትን ዋጋ ሰኞ ጠዋት ያስገባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ወደ ድሮው ይመልሰዋል፤ በማግሥቱ እሳቸው ደግሞ ያስገባሉ። አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ዓመታት በዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጣሉ። አንድ ቀን ኢንጂነሩ ትዕግሥቱ አልቆ፣ ሁላችን ባለንበት፣ ይህን ዋጋ የሚቀይር ማነው ብሎ ጮኸ። ጋሼ ቀና እንኳ አላሉም፤ «ገበያው ነው» አሉ።

ደንበኛ ሲመጣ የነበራቸው ሥርዓት አይረሳኝም። ገና ያልተሠራውን ቤት በስክሪኑ ላይ ከፍተው፣ ወንበር ስበው፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው ይላሉ። ከበሩ ጀምረው ሳሎኑን፣ ማድ ቤቱን፣ መኝታ ቤቱን ያዞሯቸዋል። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ሚስት ባሏን በክርኗ ጎሸም ታደርጋለች። ከዚያ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅላሉ። ያኔ ዋጋው እንደሚመጣ እናውቃለን። ስንት ብር አላችሁ ብለው አይጠይቁም፤ «ጣራ ይደርሳል ወይ?» ነው የሚሉ። የማይደርስ ከሆነ እዚያው ፊታቸው አንድ መኝታ ቤት ያጠፋሉ። አሁንም ካልደረሰ ሳሎኑ ያጥራል፤ በረንዳው ይሄዳል። ቢሮ ውስጥ ግሬደር የሚል ስም ወጣላቸው። ሲሰሙት ፈገግ ብለው፣ ክፉ ስም አይደለም፣ ግሬደር መንገድ ይጠርጋል አሉ።

የሚያመሰግናቸው ሰው አልነበረም ብል ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ጣና ውስጥ ካለው ከደቅ ደሴት አንድ መሪጌታ በጀልባ ተሻግረው መጡ። ከተማ ያለ አሮጌ ቤታቸውን አድሰው ሊያከራዩት ፈልገዋል። ጋሼ ቤቱን ሄደው አዩት፣ ለኩት፣ ፕሮግራሙ ላይ አቆሙት። አሮጌ ግድግዳ ሲነካ ሌላውም አብሮ እንደሚመጣ፣ እድሳቱ ከአዲስ ቤት እንደሚብስባቸው አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። ጣራውን ብቻ ይለውጡ፣ ሌላውን አይንኩት አሏቸው። መሪጌታ በጣም ሳቁ። እርስዎስ ንስሐ አባት መሆን ነበረብዎ፣ ሰው ሊሰማው የማይወደውን ነው የሚነግሩት አሏቸው። ሲነሱ እጃቸውን ዘርግተው፣ እግዚአብሔር ለራስዎም ጣራ ያድርስዎ ብለው መረቁ። ጋሼ ቆመው አሜን አሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ ለማሳያ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ቆሞ የሚያወራ፣ ሻንጣ የያዘ፣ ልጅ ያቀፈች። ጋሼ በሠሩት ቤት ሁሉ የሚያስቀምጡት አንዲት የተቀመጠች ሴት ነው፤ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ። ምነው እሷን ብቻ አልኋቸው አንድ ቀን። «ሰው ብትጨምሪበት ወጪው ንቅንቅ አይልም» አሉኝ። «አየሽ፣ እዚህ ውስጥ ዋጋ የማይጠየቅለት ሰው ብቻ ነው።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

የተቀመጠችው ሴት ማን እንደሆነች ያወቅሁት ቤታቸው የሄድሁ ጊዜ ነው። ባለቤታቸውን እትየ ፈንታን መኪና ገጭቷቸው ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ሹም አቦ ሰፈር የተከራዩት ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ፣ በሩ ዊልቸር የማያስገባ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያነሷቸው ጋሼ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ጎረምሳ ይለመናል። የጣና ውሃ ከዚያ ቤት የእግር መንገድ ነው፤ እትየ ፈንታ ግን ካዩት ዓመታት አልፈው ነበር። ያን ቀን ጎረቤት ዓሣ አምጥታላቸው፣ ከመታጠቡ በፊት አምጡልኝ ብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ውሃው ይሸተኛል አሉ። ወደ ጋሼ ማየት አልቻልሁም።

ጋሼ በማኅበር ተደራጅተው ያገኙት መሬት ነበራቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጣና ራቅ ብሎ የሚታይበት። የዚያን ቤት ፕላን በየምሳ ሰዓቱ ሠርተውታል። ደረጃ የሚባል የለውም፤ ከመንገዱ እስከ በሩ ዘቅዘቅ ያለ መግቢያ ነው። በሮቹ ሁሉ ሰፋፊ፤ መታጠቢያ ቤቱ ዊልቸር የሚያዞር፤ የሳሎኑ መስኮት ዝቅ ያለ፣ የተቀመጠ ሰው ውሃውን እንዲያይ። የበሩን ስፋት ለማረጋገጥ የቢሮው ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በእግራቸው እየገፉ፣ በር ለበር ሲሽከረከሩ አይተናቸዋል። ፊታቸው እንደ ኮስተረ ነው፤ እኛ በሳቅ ሞትን።

ሰኞ ሰኞ አዲሱን ዋጋ ሲያስገቡ ግን ቤታቸው አንድ እርምጃ ከኪሳቸው ይርቃል። ደሞዛቸው ባለበት ቆሟል፤ ፌሮው ይሮጣል። ለሰው እንደሚያደርጉት ለራሳቸውም ቀነሱ። የእንግዳ መኝታው ጠፋ። በረንዳው ጠፋ። ጓዳው ከማድ ቤቱ ተቀላቀለ። በሮቹን ግን አላጠበቧቸውም።

አንድ ጊዜ ሙሉ የምትባል መምህርት ከባሏ ጋር መጣች። ባሏ ፋብሪካ ነው የሚሠራ። መሬታቸው ከጋሼ ጋር በአንድ ማኅበር፣ እዚያው ጎን ነው። ጋሼ ቤቱን አስጎበኟቸውና መነጽራቸውን ሰቀሉ። አንድ መኝታ ቤት ጠፋ፤ ሌላው ተከተለ። ይኸ ቤት ቢጀመር ከበር በላይ አይሄድም፣ አትጀምሩት አሏቸው። ሙሉ እዚያው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ሲቆሙ ኢንጂነሩ አገኛቸው፤ ወደ ራሱ ክፍል አስገብቶ በከረመው ዋጋ ሌላ ግምት አወጣላቸው። ፈረሙ። በዓመቱ የእነ ሙሉ ቤት ልክ የበር ከፍታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባልና ሚስት ከኋላው አንዲት ሰርቪስ ክፍል አቁመው፣ ላይዋን ቆርቆሮ ጣል አድርገው ገቡባት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ ብያቸው ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሥራ አልያዝላቸው ብሎ ዋሉ።

ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ወጣ። መሬት ወስዶ ግንባታ ያልጀመረ መሬቱን ይነጠቃል ተባለ። መጀመር ማለት ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ጉድጓድ ታስቆፍራለህ፣ ድንጋይ ትደረድራለህ፣ የአንድ ሁለት ኮሎን ፌሮ ታቆማለህ፤ ሰዎቹ መጥተው ያያሉ፣ ጀምሯል ብለው ይመለሳሉ። ፌሮው ቢዝግ፣ መሠረቱ ላይ ዛፍ ቢበቅል የሚጠይቅህ የለም። እኛ ዘንድ ሰው ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው። ያለህን ታፈሳለህ፤ የቀረው ከዕቁብ፣ ከብድር፣ ከዘመድ፣ ከእግዜር ይመጣል። ይህን የማያውቁ ጋሽ ስንሻው ብቻ ናቸው፤ ወይም እያወቁ የማይሆንላቸው።

ለመንናቸው። ኢንጂነሩ እንኳ ሳይቀር፣ ኧረ ጋሼ ይቆፍሩት ብሏቸዋል፤ የፈለገው ለራሱ ጥቅም ቢሆንም ያንለት የተናገረው እውነት ነበር። እኔ የብስክሌታቸውን እጀታ ይዠ፣ የቁፋሮውን እኛ እናዋጣለን፣ እትየ ፈንታን ያስቡ አልኋቸው። መነጽራቸውን ሰቀሉ።

«አንች ልጅ» አሉኝ፣ «ያን ሁሉ ሰው አትጀምሩ ያልሁት በዚሁ አፌ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ቤት ጀምሬያለሁ ልበል?»

ያደረጉትን ስሙ። የራሳቸውን ቤት ግምት፣ ያን በየቅዳሜው የለቀሙት ዋጋ ያለበትን፣ አሳትመው ከማመልከቻ ጋር ማዘጋጃ ቤት አስገቡት። አሁን ብጀምር ጣራ አይደርስም፤ ጊዜ ቢሰጠኝ ግን አንድ ጊዜ ጀምሬ እጨርሰዋለሁ ይላል ማመልከቻው። ፕላኑም አለበት፣ የተቀመጠችውም ሴት አለችበት። ሠራተኛው ገልጦ ገልጦ አየና፣ አባቴ፣ አቅም እንደሌለዎት በራስዎ ወረቀት መስክረዋል አላቸው። መሬቱ ተወሰደ። ጉድጓድ የቆፈረ ሁሉ መሬቱ ቀረለት። ለሙሉም ቀረላት።

እኔ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እበግናለሁ፤ በማን እንደምበግን ነው የሚጠፋኝ። በዚያ ሠራተኛ እንዳልል፣ የተጻፈለትን ነው ያነበበ። በኢንጂነሩስ? እሱማ አይቀርለትም። ግን በጋሼም በግናለሁ። ሐቀኛ ሰው ነበሩ ሲባል እሰማለሁ፤ ልክ ነው። የሐቃቸውን ዋጋ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የከፈሉት ግን እትየ ፈንታ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነሩ ደንበኛ ያባርሩብኛል ብሎ ከኮምፒውተሩ አነሳቸው፤ የታተመ ፕላን እያጣጠፉ የሚያስረክቡ አደረጋቸው። እጃቸው ወረቀት ሲያጥፍ ማየት ያስጠላ ነበር። አንድ ሰኞ ቀሩ፤ በዚያው ቀሩ። ከመሄዳቸው በፊት የቤታቸውን ሞዴል በፍላሽ አምጥተው ላፕቶፔ ላይ ገለበጡት። ዋጋው እንዳይከርም አደራ አሉኝ። ጋሼ፣ መሬቱ እኮ የለም ማለቱን ትቸ ፍላሹን መለስሁላቸው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ካልሆነ አልተገናኘንም። ቅዳሜ ቅዳሜ መዞራቸውን እንዳልተዉ ያወቅሁት ያን ቀን ከባለ ሱቁ ነው።

ለቅሶ የደረስሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ድንኳኑ ታች ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ እትየ ፈንታ ግን ፎቅ ላይ ናቸው። ባላቸውን የሚያለቅሱ ለብቻቸው ነው ማለት ነው፤ ሰው በየተራ ደረጃውን እየወጣ አጽናንቷቸው ይወርዳል። ድንኳኑ ውስጥ ሙሉን አገኘኋት። ቤቷ ዛሬም ልስን የለውም፤ ከመስኮቱ ግማሹ ቆርቆሮ ነው። ጣራ ግን አለው፤ ልጆቿንም እዚያ አሳድጋለች። ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እሳቸውን ሰምተን ቢሆን ግን እስከ ዛሬ ኪራይ ቤት ነበርን።»

ክፋት የላትም፤ እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ኢንጂነሩም ወዲያ ማዶ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ እንደሳቸው ያለ ታማኝ ሠራተኛ ዛሬ ከየት ይገኛል እያለ ያወራል። ንፍሮ ሲዞር ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ተነስቸ ወጣሁ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ላፕቶፔን ይዠ እትየ ፈንታ ዘንድ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ሱቅ ሱቁን ዞሬ ዋጋውን አድሸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እትየ ፈንታ ያን ቤት አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም ኖሯል። ሲያልቅ ታይዋለሽ ይሏቸው ነበር። አልጋቸው አጠገብ ወንበር ሳብሁና ከፍቸ፣ ይግቡ እትየ፣ ቤትዎ ነው አልኋቸው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በዘቅዛቃው መግቢያ አስገባኋቸው። ሰፊውን በር አለፍን። ማድ ቤቱን አሳየኋቸው፤ መታጠቢያ ቤቱን፣ ያ የማያንሸራትት ሴራሚክ የተነጠፈበትን። ሳሎኑ መስኮት ስንደርስ የተቀመጠችውን ሴት አዩና፣ ይች ደግሞ ማን ናት አሉኝ። እርስዎ ነዎት አልኋቸው። ብዙ አዩዋት።

«ጉድጓዱን ቢቆፍርልኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም፤ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው። «ጣራ ብሎ የለመነው ማነው? እኔ እዚያ መሬት ላይ ላስቲክ ወጥሮልኝ ብቀመጥ፣ ውሃውን አየው አልነበረም ወይ?»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። አንገታቸውን እያሰገጉ የሳሎኑን ጥግ ጥግ ያያሉ።

«ራሱንስ የት አደረገው?» አሉኝ።

ፈለግሁ። መኝታ ቤቱን ዞርሁ፣ ማድ ቤቱን ዞርሁ። ወደ ውጭ ወጥቸ ግቢውን አየሁ፤ ብስክሌቱ እንኳ አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ስንሻው የሉም። ራሳቸውን ቢጨምሩበት ወጪው ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ይህን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።